የቼክ ኢንጂን መብራትና ያረጀ ፒክአፕ፦ የጭስ ቁጥጥር ኮዶች ምርመራ ሲዳሰስ

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶበት ጋራዥ የገባ ፒክአፕ ላይ የምርመራ መሣሪያ ሲሰካ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ያለው ኮድ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን መካኒኩም፣ መሐንዲሱም፣ የአየር ብክለት ተቆጣጣሪውም ተስማምተው አያውቁም። ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ ይናገራል፣ ዕቃውን ቀይሮ መገላገል ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ኮዱ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያው አይደለም ይላሉ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ኮዱን ተዉትና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ለኩ ባይ ነው። አዲስ መኪና ላይ ክርክሩ ብዙም አያሳስብም፤ ዋስትናው ይሸፍነዋል። በአሜሪካ ሕግ ጭሱን የሚያጠራው ካታላይዘርና የሞተር ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል የአምራቹ ኃላፊነት ናቸው። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ባገለገለ ፒክአፕ ላይ ግን የአንድ ካታላይዘር ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል፤ የተሳሳተ ግምትም ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

ይህ ዳሰሳ በዋናነት ጉዳዩ በተወለደበት በአሜሪካ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ የቤንዚን ፒክአፖች ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሎስ አንጀለስ ሰማይ እስከ ክሩስኮት

የነገሩ ሥር የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ ተወላጁ የካልቴክ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ ዓይን የሚያቃጥለው የከተማዋ ጭጋግ ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ሃይድሮካርቦንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ ሲያዝ ደግሞ ኮፈን ሥር ዕቃ በዕቃ ላይ መደራረብ ጀመረ፦ ከሰልባትዮ የሚተነውን ቤንዚን የሚይዝ የከሰል ጣሳ፣ የተቃጠለውን ጭስ በጥቂቱ ወደ ሞተሩ መልሶ የቃጠሎውን ሙቀት የሚቀንስ ኢጂአር ቫልቭ፣ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ካታላይዘር።

ኮምፒውተሩን ያስገባው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ቮልቮ ለ1977 ሞዴል በካሊፎርኒያ ያቀረበው፣ ሦስቱን ዋና ዋና በካይ ጋዞች በአንድ ጊዜ የሚያጠራ ካታላይዘር በደንብ የሚሠራው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ 14.7 ለ1 አካባቢ ሲቆይለት ብቻ ነበር። ተራ ካርቡራቶር ይህን ያህል ጥንቃቄ አይችልም፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያይ ሴንሰርና እሱን እየተከተለ ቤንዚኑን የሚያስተካክል ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 በአሜሪካ በሚሸጣቸው የቤንዚን የቤት መኪኖቹ ላይ፣ ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል፣ ኮምፒውተር ገጠመ። ጭሱን ኮምፒውተር ከተቆጣጠረው እሱንስ ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ መልሱን ለራሱ ለኮምፒውተሩ ሰጠው፤ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ራሱን መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ መብራት እንዲያበራ አስገደደ።

ይህ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ኦቢዲ-1 የሚባለው፣ በዋናነት ሽቦ መቋረጡንና ሴንሰር መሞቱን ያያል እንጂ ካታላይዘሩ ሥራውን መሥራቱን አይመረምርም። ቋንቋውም እንደ አምራቹ ይለያያል። በሰማንያዎቹ የቼቭሮሌት ፒክአፕ ላይ በመሪው ሥር ባለው ሶኬት ኤ እና ቢ የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ቁራጭ ሲያገናኙ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መጀመሪያ 12ን ይቆጥራል፤ ይህ ሞተሩ ስላልተነሳ የሚመጣ፣ ምርመራው መሥራቱን ብቻ የሚያረጋግጥ ቁጥር ነው። 32 ከተከተለ ኢጂአር ነው፤ 44 ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ። በዘመኑ የቶዮታ ፒክአፕ ላይ ደግሞ የሚገናኙት ቲኢ1 እና ኢ1 ናቸው፤ ነዳጅ ማነስ 25፣ ኢጂአር 71 ይሆናል።

በ1990 የተሻሻለው ሕግ ይህን ዝብርቅርቅ አንድ አደረገው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪኖችና ቀላል ፒክአፖች ሁሉ ባለ 16 ቀዳዳ አንድ ዓይነት ሶኬትና የጋራ ኮድ ያዙ፤ ይህ ኦቢዲ-2 ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፦ ፒክአፕ በብክለት ሕጉ ከቤት መኪና ለረጅም ጊዜ ላላ ባለ ገደብ ይታይ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀመጠው ከ2004 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የገባው ደንብ ነው። ጠቅላላ ክብደታቸው ከ8,500 ፓውንድ በላይ የሆኑ ከባድ ፒክአፖች ላይም የምርመራው ግዴታ ዘግይቶ ነው የደረሰው። መብራቱ ብዙውን ጊዜ እንዲበራ የሚታሰበው ጭሱ ለዚያ መኪና ከተፈቀደው አንድ ተኩል እጥፍ ሲያልፍ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ አንድ ሴዳንና አንድ ፒክአፕ አንድ ዓይነት ኮድ ስላሳዩ እኩል በከሉ ማለት አይቻልም።

ኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው

ኮድ የአንድ ፈተና ውጤት ነው። ኮምፒውተሩ አንዳንዱን ነገር ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ያለማቋረጥ ይፈትናል፤ ሞተሩ ሚስ ማድረጉን፣ የነዳጁን ምጣኔና የሽቦውን ደኅንነት። ካታላይዘርን፣ ኢጂአርንና የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውን ግን ሁኔታው ሲመቻች በአንድ ጉዞ አንዴ ነው የሚፈትነው። አብዛኛው ፈተና በሁለት ጉዞ ካልወደቀ መብራቱ አይበራም። በሦስት ተከታታይ ጉዞ ካለፈ ይጠፋል፤ ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል እየቀዘቀዘ እስኪሞቅ ድረስ በማኅደሩ ይቆያል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ካታላይዘሩን በሚያቀልጥ መጠን ሚስ እያደረገ ነውና መንዳት ማቆም ነው።

ባለሙያዎች በጽሑፍ ሲከራከሩ አንድ ልዩነት ብዙ ጊዜ ያደበላልቃሉ። የሽቦ ኮድ አለ፣ የአፈጻጸም ኮድ አለ። ለምሳሌ ፒ0135 የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ሽቦ ተቋርጧል ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል ከማለት ብዙ አይርቅም፤ እዚህ ላይ ኮዱ ዕቃውን ይናገራል የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው። ፒ0420 ግን የካታላይዘሩ ብቃት ከገደቡ በታች ታየ ነው የሚለው። ማን አየው? ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች። በምን ሁኔታ? መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ። ገደቡንስ ማን አወጣው? አምራቹ። ከእንዲህ ያለ ኮድ ተነስቶ ካታላይዘር ይቀየር ለማለት በመካከል ሦስት አራት የሚረጋገጡ ነገሮች አሉ።

ሌላም ውስብስብ ነገር አለ። አንድ ጉድለት ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በእሱ ላይ የሚመኩ ሌሎች ፈተናዎችን ያቆማል። የነዳጅ ምጣኔ ኮድ የያዘ ፒክአፕ ካታላይዘሩን ላይፈትን ይችላል። የመጀመሪያው ጉድለት ተጠግኖ መኪናው በወጣ በሳምንቱ አዲስ ኮድ የሚበራው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ደንበኛው መካኒኩን ይረግማል፣ መካኒኩ ደግሞ ያልነካውን ዕቃ ይጠረጥራል።

ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ይቅደም

ኮዱ መነሻ ነው የሚለው ወገን ጠንካራ ማስረጃ ያለው ፒ0171 እና ፒ0174 ላይ ነው። የመጀመሪያው የሞተሩ አንድ ወገን፣ ሁለተኛው ደግሞ የሌላው ወገን ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እየተከተለ ቤንዚን የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን መጠን በመቶኛ ያስቀምጣል፤ ጭማሪው ከገደብ ሲያልፍ ኮዱ ይመዘገባል። ሴንሰሩ እውነቱን ስለተናገረ ኮድ የመጣበትን መኪና ሴንሰር መቀየር የተለመደ ብክነት ነው።

እዚህ ላይ መልስ የሚሰጠው ያ መቶኛ የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። በሚኒሞ ላይ ጭማሪው ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር አካባቢ ወደ መደበኛው ከተጠጋ አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው የሚያስገባው አየር ከጠቅላላው አንጻር በሚኒሞ ብዙ፣ በከፍተኛ ዙር ጥቂት ነውና። ዳገት ላይ ወይም በጭነት ከባሰበት ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ ፓምፑ፣ ወደ ፊልትሮው ወይም ወደ ቆሸሸ የአየር መለኪያ ይዞራል። ሁለቱም ወገን እኩል ከወደቀ ምክንያቱ የጋራ ነው። በ4.6 እና በ5.4 ሊትር የፎርድ ሞተሮች ላይ በማኒፎልዱ ጀርባ የሚታጠፈው የጎማ ቱቦ በሙቀት ተሰንጥቆ ሁለቱን ኮዶች አንድ ላይ ማብራቱ በሙያው የታወቀ ነው። ቱቦው በርካሽ ይገኛል፤ ከሞተሩ ኋላ ስለተደበቀ ግን በእጅ ዳብሶ የማይፈልገው መካኒክ አያየውም።

ፒ0420፦ ማንም ያልቋጨው ክርክር

ከፊተኛው ሴንሰር የሚወጣው ቮልቴጅ ከ0.1 እስከ 0.9 ገደማ ባለው መካከል ይዋዥቃል። ደህና ካታላይዘር ኦክስጅን እያጠራቀመና እየለቀቀ ውዥቀቱን ስለሚያረግበው የኋለኛው ሴንሰር ረጋ ብሎ ይቆያል። የኋለኛው የፊተኛውን መከተል ሲጀምር ፈተናው ይወድቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚለካው ካታላይዘሩ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙን ነው፤ ጭሱን ምን ያህል እንዳጠራ የሚያውቀው ከዚያ ተነስቶ በግምት ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጭሱን ለኩ የሚለው ወገን የሚይዘው ይህን ክፍተት ነው፦ ኮዱ እያለበት ጭሱ ከገደብ በታች የሆነ መኪና ለምን ካታላይዘር ይገዛል ይላል። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ኮዱ የሚበራው ጭሱ በግልጽ ሳይበላሽ አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ነው ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለያዩት ፈተናው ለምን ተፈጠረ በሚለው ላይ ነው።

ለማረጋገጥ ከሚቀርቡት ዘዴዎች አንዱ አርጅቷል። የካታላይዘሩ መውጫ ከመግቢያው ከሞቀ ይሠራል የሚለው የሙቀት መለኪያ ለቆሻሻ ጭስ ዘመን የሚበጅ ነበር፤ ሞተሩ ራሱ በንጽሕና በሚያቃጥል መኪና ላይ የሚቃጠል ትርፍ ስለሌለ የሙቀት ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ይዞ ጥቂት ፕሮፔን ማስገባትና የኋለኛው ሴንሰር ለመነሳት የሚዘገይበትን ጊዜ ማየት የተሻለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በካታላይዘሩ ዙሪያ የጭስ ቱቦው ላይ ስንጥቅ ወይም የላላ ጓርኒሲዮን መኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በስንጥቁ የሚገባው አየር የኋለኛውን ሴንሰር ያታልለዋል።

ካታላይዘሩ በእርግጥ ከሞተ ገዳዩ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት ይገኛል። ሚስ የሚያደርግ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ይልክበታል፣ ያቀልጠዋል፤ ዘይት የሚበላ ሞተር በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ይሸፍነዋል። ካንዴላና ቦቢና ሳይታይ፣ የዘይት ፍጆታ ሳይለካ አዲስ ካታላይዘር መግጠም ለሚቀጥለው ዓመት ፒ0420 መክፈል ነው።

ምን ዓይነት ካታላይዘር የሚለውም ራሱን የቻለ ውዝግብ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1986 ያወጣው ፖሊሲ ገበያ ላይ የሚሸጥ ምትክ ካታላይዘር ለ25,000 ማይል ሃይድሮካርቦንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን በ70 በመቶ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን በ30 በመቶ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ይህ መለኪያ የወጣው ኦቢዲ-2 ከመወለዱ አሥር ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ፖሊሲውን የሚያሟላ ርካሽ ምትክ የመኪናውን ፈተና ሊወድቅ ይችላል፤ ኦክስጅን የሚይዘው ውድ ነገር በውስጡ አነስተኛ ነውና። ካሊፎርኒያ የራሷን ጠበቅ ያለ ፈቃድ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። የኋለኛውን ሴንሰር በማራዘሚያ ከጭሱ አርቆ ኮዱን ማፈን በአንዳንድ ጋራዥ ቢለመድም በፌዴራሉ ሕግ ክልክል ነው፤ ጭሱንም አያጠራም።

ኢጂአርና የነዳጅ ትነት

ከ1997 ጀምሮ በተሠራው ኤፍ-150 ላይ ፒ0401 ሲወጣ፣ ማለትም በኢጂአር የሚያልፈው ጭስ ሲያንስ፣ በብዛት የሚቀየረው ቫልቩ ነው፤ በብዛት ጥፋተኛ የሆነው ግን ቫልቩ አይደለም። የፎርድ ሥርዓት ፍሰቱን የሚያውቀው በቱቦው መሐል ካለው ጠባብ ቀዳዳ በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት በሚለካ ዲፒኤፍኢ በተባለ ሴንሰር ነው። የቀድሞዎቹ ብረት ለበስ ሴንሰሮች በጭሱ እርጥበት ይበላሉ፤ ወደ እነሱ የሚሄዱት ሁለት የጎማ ቱቦዎችም ይቃጠላሉ። ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በእጅ የቫክዩም ፓምፕ ቫልቩን መክፈት ነው። ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ቫልቩም መንገዱም ክፍት ነው፤ ሴንሰሩን፣ ቱቦዎቹንና ቫክዩሙን የሚያዘውን ሶሌኖይድ መጠርጠር ነው። ምንም ካልተሰማው መተላለፊያው በጥላሸት ተደፍኗል ወይም ቫልቩ አልተከፈተም። ከሁሉም ኮዶች ለባለቤቱ በቀላሉ የሚፈታው ይህ ይመስለኛል፤ ያለምክንያት ገንዘብ የሚበላውም ይኸው ነው።

የነዳጅ ትነት ኮዶች፣ ፒ0442ም ፒ0455ም፣ ከጭስ ማውጫው ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ኮምፒውተሩ ሰልባትዮውን ዘግቶ አየር መያዙን ይፈትናል፤ በ1996 ሞዴሎች 1 ሚሊሜትር፣ ከ2000 ገደማ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳን እንዲያገኝ ተገድዷል። የሰልባትዮውን ክዳን ቀይረህ እየው የሚለው ምክር ርካሽ ስለሆነ አይነቀፍም፤ ካልሠራ ግን ሁለተኛ ክዳን ከመግዛት በጭስ ማሽን ቀዳዳውን ማየት ይሻላል። በ1999 እና ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ሲልቨራዶዎች ላይ ፒ0446 ከመጣ ከሻሲው አጠገብ ያለው የአየር ማስገቢያ ሶሌኖይድ በአቧራ መዘጋቱን መጀመሪያ ማየት ነው። የገጠር መንገድ የሚሠራ ፒክአፕ ይህን ችግር ደጋግሞ ያየዋል።

ማጥፋት፣ መጠበቅ፣ ማሳለፍ

ኮዱን አጥፍቶ መኪኖች በየጊዜው ለብክለት ወደሚመረመሩበት ጣቢያ መሮጥ አይሠራም። ኮድ ሲጠፋ ፈተናዎቹም ሁሉ ያልተጠናቀቁ ተብለው ይመዘገባሉ። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት ከ1996 እስከ 2000 ለተሠራ መኪና ሁለት፣ ከዚያ ወዲህ ላለ አንድ ያልተጠናቀቀ ፈተና ብቻ ይታለፋል። የትነት ፈተናው ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደርን፣ የቤንዚኑ መጠን በግምት ከ15 እስከ 85 በመቶ መሆንን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለምርመራ ብሎ ሰልባትዮውን ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ራሱን ያዘገያል። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚህ ሥርዓት በየሁለት ዓመቱ ያልፋል። እዚያ 25 ዓመት ያለፈው መኪና ከምርመራው ነጻ ነው፤ ለጥገና የተወሰነ ገንዘብ አውጥቶ አሁንም ያላለፈ ደግሞ የማለፊያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በዕድሜው ጫፍ ላይ ያለ ፒክአፕ ባለቤት ካታላይዘር ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ሁለቱን ማስላቱ ነውር የለበትም።

ሶኬቱ ወይስ ጭስ ማውጫው

በፖሊሲ ደረጃ ክርክሩ አሁንም ክፍት ነው። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ በ2000 እና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖችን በሶኬት ብቻ መመርመር ይዛለች፤ ከዚያ የቀደሙትን ግን ጭሳቸውን ትለካለች። የሶኬቱ ደጋፊዎች ፍጥነቱንና ጉድለትን አስቀድሞ ማሳየቱን ያነሳሉ። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ጠንከር ያለ ነው፦ ሶኬቱ የላላ የነዳጅ ክዳንንና የሞተ ካታላይዘርን እኩል ይጥላል። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ስቴድማን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመንገድ ዳር ጨረር በመጠቀም የሚያልፉ መኪኖችን ጭስ ሲለካ አብዛኛው ብክለት ከጥቂት መኪኖች እንደሚወጣ አሳይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም በ2001 ባወጣው ግምገማ የምርመራ ፕሮግራሞቹ ጥቅም ከተተነበየው ማነሱን አስፍሯል። እነዚያን ጥቂት መኪኖች ለይቶ ለመያዝ መጠንን የማይናገር አዎ ወይም አይደለም የሚል ኮድ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። ጭሱን መለካት ደግሞ ትነትን አያይም፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኮድ የሌላቸው ፒክአፖች

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለው አሮጌ ሃይሉክስ አብዛኛው የናፍጣ ነው። 2ኤል እና 3ኤል ሞተሮች በሜካኒካል ፓምፕ ስለሚሠሩ የሚነበብ ኮድ የላቸውም፤ እዚያ ላይ ጥቁር ጭስን መርምሮ መለየት የኢንጀክተሩና የፓምፑ ባለሙያ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። 1ኬዲ ሞተር የያዘው ትውልድ ኮምፒውተርና ኢጂአር አለው። ሶኬቱ መኖሩ ግን የአሜሪካው የፈተና ዝርዝር ሁሉ አለ ማለት አይደለም፤ ግዴታው ለየገበያው የተለያየ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገራት እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆሙት በ2006 መባቻ በመሆኑም ከዚያ በፊት ለአካባቢው የገቡ መኪኖች ላይ የካታላይዘር ጥያቄ ብዙ ትርጉም አልነበረውም፤ እርሳስ ካታላይዘርን ይመርዛል።

በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወቃል። በመንገድ ላይ ያለው የነዳጅ መኪና ስብስብ እያረጀ ነው የሚሄደው፤ በቦሎ ጊዜ የሚመረመረውም ይኸው ስብስብ ነው። የምርመራ ጣቢያዎች የኮድ ማንበቢያ ከመግዛታቸው በፊት የናፍጣ ጭስ ጥቁረት መለኪያና የአራት ወይም የአምስት ጋዝ መለኪያ ቢያሟሉ፣ ኮዱንም ላላቸው መኪኖች ብቻ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ቢጠቀሙበት ይሻላል።

ለግለሰብ ባለቤትም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኮዱን ከነተመዘገበበት ሁኔታ አጽፉ፣ ሳታጠፉ የነዳጅ ጭማሪውን መቶኛ በሚኒሞና በ2,500 ዙር አስነብቡ፣ የሚስና የአየር ስርቆት ጥርጣሬ ተጣርቶ እስኪያልቅ ለካታላይዘር ገንዘብ አትክፈሉ።